እርቅ የበላው ስፌት ቤት

ስፌት ቤቴ ለምን እንደተዘጋ የሚጠይቀኝ ሰው ዛሬም አላጣም። በመናኸሪያ በኩል ሳልፍ፣ ድሮ ልጆቻቸውን ያለበስኩላቸው እናቶች ያስቆሙኛል። ኪራዩ ነው? መብራቱ ነው? የጨርቁ ዋጋ ነው? ይሉኛል። «ሁሉም ነው» ብዬ እገላገላለሁ። እውነቱን ብነግራቸው አበደች ይላሉ። ስፌት ቤቴን የገደለው ኪራይም አይደለም፣ መብራትም አይደለም፤ እርቅ ነው። በሽማግሌ፣ በምርቃትና በእልልታ ነው የሞተው። እኔም ቆሜ አሜን ብያለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አባታችን ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሐዋሳን ወዶ ቀረ፤ ታቦር ሰፈር ቤት ሠራ፤ እኔንና ወንድሜን እዚያው አሳደገን። እኔ ታላቅ ነኝ። በመሀላችን ብዙ ዓመት ስላለ አዝዬ ነው ያሳደግኩት ማለት እችላለሁ። እሱን ትምህርት ሲቀናው እኔን ስፌት ቀናኝ። በእግር በምትሠራ አንዲት መኪና ጀምሬ፣ መኪና እየጨመርኩ፣ ሠራተኛ እየጨመርኩ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሰፋ ያለ ቤት ተከራየሁ። የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት እንጀራዬ ሆነ። ባል አገባሁ፣ ባል ሞተብኝ፣ ልጅ አልሰጠኝም። ያቺ ስፌት ቤት ልጄም ባሌም ነበረች ብል አላጋነንኩም።

ዩኒፎርም የራሱ ጠባይ አለው። ዓመቱን ጭር ብሎ ይከርምና ነሐሴ ሲጋመስ በሩ ይጨናነቃል። የኛ አገር እናት ደግሞ ለልጇ ልኩን አታሰፋም። «ያድጋል እኮ፣ ሰፋ አድርጊው» ትላለች። እኔ ሕፃን ልጅ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ማየት ያናድደኛል። ስለዚህ በልኩ እሰፋና ከሱሪውና ከእጅጌው ጫፍ ወደ ውስጥ ሰፊ እጥፋት እተዋለሁ። ልጁ ሲያድግ እናትየው እጥፋቱን ትፈታና ታስረዝመዋለች፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ይሆናል። ስሜን ያወጣችው ይቺ እጥፋት ናት። ባጃጅ ነጂው ሁሉ «የእጥፋቷ ሴትዮ ጋ» ሲሉት ያመጣቸው ነበር።

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማኔጅመንት ተማረ። ከዚያ ከተማው ዳር፣ ለውጭ አገር ልብስ ከሚሰፉት ፋብሪካዎች አንዱ ቀጠረውና አለቃም ሆነ። ኋላ ከውጭ የሚመጣው ትእዛዝ ሲቀንስ ፋብሪካው ሠራተኛ ቀነሰ፤ እሱም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ሲውል አንጀቴን በላኝ። ና አብረን እንሥራ አልኩት። ከዘመድ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትነግድ የሚባለውን ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። ወንድሜ ነው፤ ታዲያ ምን ላድርግ? የስንብቱን ገንዘብ አምጥቶ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘጋ ኦቨርሎክና ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪኖች ገዛበትና ሸሪክ ሆንን።

ሐቁን ልናገር፤ እንዲህ ያለ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። እኔ ወዲያና ወዲህ በትኜ ያስቀመጥኳቸውን መኪኖች በመስመር ደረደራቸው። አንዷ ኮሌታ ብቻ ትሰፋለች፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ቁልፍ ትተክላለች። ሴቶቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ኋላ ሥራው ሲቀልላቸው ዝም አሉ። ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ ሰቀለና ጠዋት ጠዋት ስለ ስትራቴጂ ያስተምረን ጀመር። እሱ ዞር ሲል ስሙን «ስትራቴጂ» ብለው አወጡለት። «እትዬ፣ ስትራቴጂ ቁርሱን በልቶ መጥቷል ወይ?» እያሉ ያስቁኝ ነበር። ያ ጊዜ ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ባላስታውሰው ይሻለኝ ነበር።

ጣጣው የመጣው ዘመኑ ሲለወጥ ነው። የግል ትምህርት ቤቶቹ ዩኒፎርሙን ራሳቸው ከአዲስ አበባ እያስመጡ፣ ከምዝገባው ጋር ለወላጅ መስጠት ጀመሩ። አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ። የኔ በር ሳሳ። ነሐሴ መጥቶ ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡበት ቀን ነበር። አንድ ነገር ማድረግ እንዳለብን እኔም ገባኝ፣ ወንድሜም ገባው። ምን እንደሚደረግ ላይ ነው የተለያየነው።

እሱ እንዲህ ይላል፦ ዩኒፎርም አብቅቶለታል። ሐይቁ ዳር ሆቴል በሆቴል ላይ እየተሠራ ነው፤ አንሶላ አለ፣ መጋረጃ አለ፣ ሽርጥ አለ፣ የአስተናጋጅ ልብስ አለ፤ ይህን ሁሉ ከአዲስ አበባ ነው የሚያስመጡት፤ ጠቅልለን ወደዚያ እንዙር። በእጥፋቴም ይስቅብኛል። የሚቀጥለውን ዓመት ሱሪ ዘንድሮ በነፃ እየሰጠሻቸው ነው ይለኛል። እኔ ደግሞ፦ ሆቴል አንዴ ያሠራና ረስቶህ ይከርማል። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት የማይችሉት ትንንሾቹ አሉ፤ ደሃ ወላጅ አለ። ክረምት ጠብቀን ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በየቁጥሩ እየሰፋን ብናስቀምጥ፣ ወላጅ ገብቶ ለክቶ ይዞ ቢወጣ፣ ማን ይደርስብናል? እላለሁ።

ዛሬ ሳስበው ሁለታችንም ልክ ነበርን። ይቺ ከተማ በሁለቱም መንገድ ታኖረን ነበር፤ አንዱን ብቻ ብንይዝ። ያኔ ግን እኔ ግትር፣ እሱ ግትር፣ የአንድ እናት ልጆች ነና! ክርክሩ ወደ ንትርክ፣ ንትርኩ ወደ ኩርፊያ ሄደ። ጠዋት ይገባል፤ ሴቶቹን አንድ በአንድ ሰላም ይላል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ካውያውን ያያል። እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ አስተካክላለሁ። ሆድና ጀርባ ሆነን ከረምን።

ታቦር ላይ ደግሞ ነገር አይደበቅም። የእድራችን ሊቀመንበር ሰማ። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሹም ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አልለውም፤ ግን የተጣላ ሰው እያለ እንቅልፍ አይወስደውም። ወንድምና እህት በጨርቅ ይጣላሉ ወይ ብሎ የንስሐ አባታችንን ያዘ፤ ከታች በኩል የሚኖሩትን የሲዳማ ሽማግሌ ጎረቤታችንንም ጨመረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ መጡ። ሽማግሌ በር ሲያንኳኳ አትግቡ አይባልም። ወንበር አወጣሁ፣ ሻይ አፈላሁ። ወንድሜም ተጠርቶ መጣና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ።

እኔ ተናገርኩ፣ እሱ ተናገረ። እኔማ ተቆጥቼ ነው የተናገርኩት፤ እሱ ደግሞ ነጭ ሰሌዳው ላይ እንደሚያስተምር አድርጎ አንድ በአንድ አስረዳቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ስንጨርስ የሲዳማው ሽማግሌ ብቻ ጥያቄ ጠየቁ። እሳቸው አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ቃል አያባክኑም።

«አልሰማንም ገና» አሉ። «በኛ ዘንድ አፊኒ ይባላል፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። እውነቱ ያለው ማን ጋ ነው? የሷ መንገድ ነው፣ የሱ መንገድ ነው? እሱን እንፈልግ። ዛሬ ካልተገኘ ነገ እንመጣለን።»

ሊቀመንበሩ ሳቅ አለ። በአክብሮት ነው የሳቀው። አባቴ፣ እነዚህ ልጆች እኮ የተካሰሱ አይደሉም፣ ወንድምና እህት ናቸው፣ እውነት ፍለጋ የሚያስኬድ ነገር የለም፣ ፍቅር ነው የጠፋው አላቸው። እሳቸውም ሳይከራከሩ ሻያቸውን ጠጡ። የሰው ቤት ሥርዓት አክብረው መሆን አለበት። ምነው ያን ቀን አምርረው በተከራከሩልኝ!

ፍርዱም ተሰጠ። መኪናው እኩል ይከፈል፤ ግማሹ ለእህት ዩኒፎርም፣ ግማሹ ለወንድም ሆቴል። ሴቶቹም እንደዚያው። የሷም አይውደቅ፣ የሱም አይውደቅ። ንስሐ አባታችን ግሩም ነው አሉ።

እኔን ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ። «ጋሼ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ አንድ ነው። ቆራጯም አንድ ናት» አልኩት ሊቀመንበሩን።

«አንቺ ደግሞ!» አለኝ። «ፍቅር ካለ አንድ ጠረጴዛ ለአሥር ይበቃል።»

ምን ይባላል? ሽማግሌ እምቢ ያለ ሰው በሰፈሩ ምን ፊት ይዞ ይሄዳል? ነገ ለቅሶ ቢደርስበት ማን በሩን ያየዋል? ወንድሜም እንደኔው አልተዋጠለትም፤ ፊቱን አይቼዋለሁ፣ አሳድጌዋለሁ አውቀዋለሁ። ግን ተነስቶ ጉልበቴን ሳመ። እኔም ቀና አድርጌ ሳምኩት። ንስሐ አባታችን መረቁን፤ አሜን አልን። በማግስቱ ሴቶቹ ሲሰሙ እልልታውን አቀለጡት።

እስቲ ልጠይቃችሁ። አንዱ ወደ ሻሸመኔ፣ አንዱ ወደ ዲላ መሄድ የሚፈልጉ ሁለት ሰዎችን አስታርቃችሁ አንድ መኪና ላይ ብታሳፍሯቸው፣ መኪናው የት ይሄዳል? መናኸሪያ ያደገ ሕፃን ይመልሰዋል። ሽማግሌ መሀል መግባት ያውቃል፤ ባልና ሚስትን አንተም ተው አንቺም ተይ ይላል፤ ደግ ያደርጋል። ሥራ ግን መንገድ መምረጥ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ይህን ተረት እነዚያ ሽማግሌዎች ከኔ በፊት ያውቁታል፤ እኔን ለመምከር ስንት ጊዜ ተርተውብኛል።

ወንድሜ በልብስ ጠመኔ ወለሉ ላይ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ ወዲህ የኔ፣ ወዲያ የሱ። ጠረጴዛው መሀል ላይ ሆነ። ቆራጯ ከጥንት ጀምሮ ከኔ ጋር የሠራች ሴት ናት፤ ለፍቼ፣ ለሲዳማው ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ከምትውልበት ቀን በቀር ቀርታ አታውቅም። ጠረጴዛው ጋ ቆማ አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ አየችና መቀሷን አነሳች።

የበጋው ወራት እንደምንም አለፈ። እኔ በግማሽ መኪና ዓመቱን ሙሉ ሰፍቼ አስቀምጣለሁ ያልኩት አልሆነም፤ የቀን የቀኑን ጥገና እንኳ አልደርስበት አልኩ። እሱም ሆቴሎች ጋ ሄዶ ሲነጋገር ስንት መኪና አለህ ሲሉት የሚመልሰው ቁጥር አፉ ላይ ይደርቅበታል። ትልልቆቹ ሆቴሎች ጥለውት ሄዱ። በመጨረሻ አንድ አዲስ ሆቴል አገኘ፤ ሐይቁ ዳር ለአዲስ ዓመት የሚከፈት፤ አንሶላውንና የአስተናጋጆቹን ሰደርያ ሰጡት። ወንድሜ ያን ዕለት እንደ ልጅነቱ እየዘለለ ነበር የገባው። እኔም ደስ አለኝ፤ በሐሰት አይደለም። በዚያው ሰሞን ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወላጆችን ወደኔ ላኩ። ነሐሴ ገባ። ሁለቱም ሥራ በአንድ ጊዜ መጣ።

አሁን የምናገረውን የውጭ ሰው ቢሰማ አይገባውም፤ የኛ ሰው ግን ይገባዋል። ተጣልተን ብንሆን ኖሮ ጠረጴዛውን እነጥቀው ነበር፤ ወይም እሱ ይነጥቀኝ ነበር፤ አንዱ ይድን ነበር። እኛ ግን ታርቀናል። በሽማግሌ ፊት ተሳስመናል። ጠዋት ገብቼ ቆራጯን የሱን አስቀድሚለት እላታለሁ፤ እንዳልስገበገብ፣ እርቁን ያፈረሰችው እሷ ናት እንዳልባል። እሱ ደግሞ ከኋላዬ መጥቶ፣ ኧረ በእግዜር፣ የእትዬን አስቀድሚ ይላታል። እኔ የሱን፣ እሱ የኔን። ከልብ ግን አልነበረም። ቆራጯ የኔን ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግታ ታጥፋለች፤ የሱን ነጭ አንሶላ ዘርግታ ታጥፋለች። መብራት ሲመጣ ይህን እንባባላለን፤ ስንግባባ መብራት ይሄዳል።

አንድ ቀን መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ብትጣሉ ይሻለን ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ወንድሜ ግን አልሳቀም፤ አቀርቅሮ ወደ መኪናው ሄደ። ከመኪኖቹ ሁለቱን ለአንድ ሳምንት ልበደርህ ብለው ኖሮ ዩኒፎርሙ ያልቅልኝ ነበር። እሱም ቢለኝ አንሶላው ያልቅለት ነበር። አንዳችንም አላልንም። ለያንዳንዳችን የተሰጠን በሽማግሌ ነዋ! የሽማግሌ ድርሻ መንካት ነውር ነው። 

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። ትምህርት ቤት ሲከፈት የኔ ልጆች ገሚሶቹ ሸሚዝ አላቸው ሱሪ የላቸውም፤ ገሚሶቹ ሱሪ አላቸው ሸሚዝ የላቸውም። አንዲት እናት ልጇን በእጁ እየጎተተች መጣች። ከበር መልሰውታል። ልጁ ያለፈውን ዓመት ሱሪ ነው የለበሰው፤ እጥፋቱ ተፈትቶ አልቋል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀርቷል። እናትየው ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አልሰደበችኝም። «እኔ እኮ አንቺን አምኜ ሌላ ቦታ አልሄድኩም» ብላ ልጇን ይዛ ሄደች። ወንድሜም ለሆቴሉ ይዞ የሄደው ሥራ ጎደሎ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ከአዲስ አበባ በጥድፊያ አስመጥቶ በሩን ከፈተ። የኛን ሰደርያ አልወስድም አለ፤ ያለ ቁልፍ ጥግ ላይ ተከምሮ ቀረ። ከሁለት ያጣ ጎመን የተባለው ያ ነው።

ወሬ በዚህ ከተማ ከባጃጅ ይፈጥናል። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤቶቹ አልላኩልኝም፤ ሆቴል ደግሞ ለወንድሜ ስልክ አያነሳም። እኛ ግን መስመሩን አላጠፋነውም። እናጥፋው ያለም የለም። ነገሩን አንስቶ መነጋገር ራሱ ቂም መቆስቆስ ሆነብን። እርቅ የወረደበት ነገር ተመልሶ አይነሳማ! ስለዚህ በየጠዋቱ እየተሳሳምን ገብተን፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ ሲሄዱ ቆመን ሸኘናቸው። አንዷ አረብ አገር ሄደች። ቆራጯ ዛሬ ገበያ ውስጥ ተቀምጣ ዚፕ ትቀይራለች። ያን እጅ፣ ያን የመሰለ እጅ ይዛ ዚፕ! ባለፍኩ ቁጥር ያመኛል።

በመጨረሻ መኪኖቹን ሸጥን። የእኔዋን የመጀመሪያዋን የእግር መኪና እንኳ አላስቀረሁም፤ ማየት አልፈለግኩም። ገዢው እየጫነ ሳለ ሊቀመንበሩ ከሌሎች የእድሩ ሰዎች ጋር መጣ። እንደ ለቅሶ ደርደር ብለው ተቀመጡ። ሲነሱ ሊቀመንበሩ እጄን ይዞ «ንብረት ይተካል፤ ዋናው ፍቅራችሁ ነው» አለኝ።  ወንድሜ ነው እግዜር ይስጥልኝ ያለልኝ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ የሰው ዕቃ አከፋፋይ ሆነ። በየበዓሉ ይደውላል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤናችን እናወራለን። ፍቅር ነን። የሰፈሩ ሰው ልጁን ሲመክር እኛን ነው ምሳሌ የሚያደርገው።

በዚህ መሀል ሊቀመንበሩ እንደገና መጣ። ፒያሳና መናኸሪያ በሽርክና ሁለት ዳቦ ቤት ያላቸው ባልንጀሮች ተጣልተዋል፤ አንቺ በእርቅ ያለፍሽ ሰው ነሽና ሽማግሌ ሆነሽ ተቀመጪ አለኝ። እኔ ሽማግሌ! ልቤ እምቢ እያለኝ ሄድኩ። ዱቄት ተወደደ፤ አንዱ ዳቦውን ትተን ኬክ እንሥራ ይላል፤ ሌላው ኬኩን ትተን ለመንገደኛ በርካሽ ዳቦ እንጋግር ይላል። ሁለቱንም ሰማኋቸው። እኔና ወንድሜ ቁጭ ብለን ሌላ ልብስ ለብሰን የምንናገር መሰለኝ። ሊቀመንበሩ እነሱ ጨርሰው ሳይናገሩ መልሱን ይዞታል፤ አንዱ ዳቦ ቤት ለኬክ፣ አንዱ ለዳቦ፣ ዱቄቱ እኩል።

«ጋሼ፣ አንዱ ይሸነፍ» አልኩ። «የቱም ይሁን፣ እኔ አላውቅም፤ ግን ተከራክረው አንዱ ይሸነፍ።»

ሁሉም አዩኝ። ሊቀመንበሩ በትዕግሥት፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው ሊያስታርቅ እንጂ ሊያሸንፍ አይደለም አለኝ። እንግዲያው ዳቦ ቤት ውስጥ ምን አገባው አልኩት። አምልጦኝ ነው፤ ግን ካመለጠኝም ወዲያ አልቆጨኝም። ሊመርቁ ሲነሱ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። አሜን ሳልል። የባልንጀሮቹን ዳቦ ቤቶች እግዜር ያቁምላቸው፤ እስካሁን አሉ፤ ገብቼ አላየኋቸውም።

ሊቀመንበሩ አዘነ። በሽማግሌ ፊት አዋረደችኝ አለ። እድር ላይ ሰላምታዬን እየተቀበለ ፊቱን ያዞር ጀመር። ይሄኔ ምን ተደረገ? እኔን ከሽማግሌው ጋር ለማስታረቅ ሽማግሌ ተላከ! የገና ሰሞን ነበር፤ ወንድሜ ለበዓል መጥቷል። ንስሐ አባታችን አንተን ትሰማሃለች ብለው እሱንም ሽማግሌ አድርገው አስገቡት። የሲዳማው ሽማግሌ ሲጠሩ፣ እኔ አልሄድም፣ እሷ የተናገረችውን እውነት ማንም አልፈለገውም ብለው ቀሩ። እነሱ ያንኑ የድሮውን ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ወንድሜ ዘንድሮ ከበሩ አጠገብ አይደለም፤ ፊት ለፊቴ ነው። ጋቢ ተከናንቧል፤ ሸብቷል። ቀና ብሎ አላየኝም።

ይቅርታ በይው አሉኝ። ግማሹን እላለሁ አልኩ፤ ምርቃት ጥዬ ስለወጣሁበት ይቅርታ፤ ስለተናገርኩት ግን አልልም። እየቀለድኩባቸው መስሎኝ ነበር። እነሱ እቴ! ደስ አላቸው። ንስሐ አባታችን ግማሽም መልካም ነው፣ የቀረውን እግዜር ይሞላዋል አሉ። ሊቀመንበሩም ፊቱ ፈታ አለ። ከዚያ ወንድሜን አንተም አንድ ነገር በላት አሉት።

«እትዬ» አለኝ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። «ያለፈው አልፏል። እርሺው።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ስፌት ቤቱ ከሱ ጋር አንዲት ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ደረቴ ላይ የተጫነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ያን ቀን አሸንፈኸኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያንተ ሠራተኛ ነበርኩ» አልኩት። «አንሶላ እየቆረጥኩ። ደስ እያለኝ።»

 ወንድሜ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ አሸንፈሽኝ ቢሆን» አለኝ፣ «እኔም እጥፋትሽን እያጠፍኩ ነበርኩ።»

ሊቀመንበሩ ምን እንደተባባልን አልገባውም። ንግግሩ ስላማረ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አያችሁ ፍቅር!» አለና ተነሳ። በሉ ተነሱ፣ ተሳሳሙ አለን። ተነስተን ከሊቀመንበሩም፣ ከንስሐ አባታችንም፣ ከወንድሜም ጋር ተሳሳምን። መሳሳሙንማ እናውቅበታለን።